ቀጭን አስፋልትና ከባድ ካሚዮን፤ ከአል-ሳሃፋ እስከ መተማ

ከካርቱም ከተማ በስተ ደቡብ አል-ሳሃፋ የሚባል ሰፊ ሰፈር አለ። ስሙ በዐረብኛ ጋዜጠኝነት ማለት ነው። ከሰፈሩ ክፍሎች አንዱ ግን ከጋዜጣም ከጋዜጠኛም ጋራ የማይገናኝ ሌላ ስም ተጨምሮለት «ሳሃፋ ዘለጥ» ይባላል። ዘለጥ በሱዳን ሕዝብ አነጋገር አስፋልት ማለት ነው። አንድ መንደር በአስፋልቱ ስም እስከ መጠራት ከደረሰ፥ አስፋልት ቀድሞ በዚያ አገር ምን ያህል ብርቅ ነገር እንደ ነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል።

የዚህ ሰፈር ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብዙ የኢትዮጵያ ልጆች በአል-ሳሃፋና በአካባቢው ቤት ተከራይተው፥ ሠርተውና ልጆች አሳድገው ለብዙ ዓመታት ኖረዋል። ወደ ሩቅ አገር የሚሄዱ አውቶቡሶች የሚነሡበት ታላቁ የየብስ ወደብም በዚሁ አጠገብ ስለ ነበረ፥ ወደ አገሩ ለመመለስ የፈለገ ሰው ጓዙን ይዞ ሩቅ ሳይሄድ ከገዳሪፍ አውቶቡስ ላይ ይወጣ ነበር። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በዋድ መደኒ በኩል ወደ ገዳሪፍ፥ ከገዳሪፍ ወደ ጋላባት፥ ከጋላባትም አንዲት ትንሽ ድልድይ ተሻግሮ ወደ መተማ ዮሐንስ፥ ቀጥሎም ወደ አዘዞና ወደ ጎንደር ይወስደዋል። በ2023 ዓ.ም. በአፕሪል ወር በካርቱም ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ በአሥር ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ነፍሳቸውን ያተረፉት በዚህ መንገድ ወደ መተማ ወጥተው ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ይገንዘቡልን።

ስለዚህ የመንገድ ነገር የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ነው ተብሎ የሚተው አይደለም። መንገድ ሲሰበር የስኳሩና የዱቄቱ ዋጋ ይወጣል፤ ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት ሳትደርስ በመንገድ ትቀራለች፤ ሸሽቶ የሚሄደውም ሰው በአንድ ቀን የሚጨርሰው ጉዞ ሁለትና ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ይህን የማያውቅ የቤት እመቤት ወይም አባወራ ያለ አይመስለንም። ብዙ ሰው የማያውቀው መንገዱ በምን ምክንያት እንደሚሰበር ነው።

መንገድ በተበላሸ ጊዜ የሚሰማው ንግግር ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አንዱ «መኪና በዛበት» ይላል። ሌላው ደግሞ «መጀመሪያውኑ ለስሙ ያህል ሬንጅ የተቀባ ነው» ብሎ ሠሪውን ይወቅሳል። የሁለተኛው ሰው ወቀሳ አንዳንድ ጊዜ እውነት ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው ሰው አስተያየት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከእውነት የራቀ ነው። መንገድን የሚሰብረው የመኪናው ብዛት ሳይሆን፥ አንዱ መኪና በአንዱ አክስል ላይ የሚጭነው ክብደት ነው። አክስል የምንለው የግራውንና የቀኙን ጎማ የሚያያይዘውን ብረት ነው። መንገዱ የካሚዮኑን ጠቅላላ ክብደት በአንድ ጊዜ አይሸከምም፤ የሚሰማው በእያንዳንዱ አክስል በኩል የሚወርድበትን ሸክም ነው።

ነገሩን ለማስረዳት በመጀመሪያ ቀጭን አስፋልት ምን ዓይነት ነገር እንደ ሆነ እንናገር። ጥቂት መኪና የሚመላለስበት መንገድ ሲሠራ፥ በዋና ጎዳናዎች ላይ እንደሚደረገው ወፍራም አስፋልት አይነጠፍበትም። መሬቱ ይደለደላል፤ ጠጠር ወይም የተፈጨ ድንጋይ ይለብስና በዳምጠው ይዳመጣል፤ በላዩ ሬንጅ ፈሶ ደቃቅ ጠጠር ይበተንበታል። ይህ የላይኛው ልብስ ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳንቲ ሜትር አይበልጥም። ሥራው ውሃ እንዳይገባና አቧራ እንዳይነሣ መከልከል ነው እንጂ ሸክም መሸከም አይደለም። በሰፌድ ላይ የተዘረጋች እንጀራን መመልከት ይበቃል። ሰፌዱ ጠንካራ ሲሆን እንጀራይቱን በጣት ቢጫኗት ምንም አትሆንም። ከሥሯ ያለው ስንደዶ ተበጥሶ ቀዳዳ ከሆነ ግን፥ እዚያው ላይ ሲጫኗት ትቀደዳለች። ጥፋቱ የእንጀራይቱ አይደለም። አስፋልቱም እንዲሁ ከሥሩ ያለው ጠጠርና አፈር በያዘው መጠን ይቆያል፤ ያ የተነቃነቀ ጊዜ ይሰነጠቃል።

በኢትዮጵያ የመንገዶች ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. ጥቂት መኪና ለሚመላለስባቸው መንገዶች ብቻ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ አውጥቷል። ይህ መመሪያ የሚመለከታቸው መንገዶች በቀን እስከ ሦስት መቶ ገደማ መኪኖች የሚያልፉባቸው ናቸው። አሳቡ መልካም ነው፤ በየገጠሩ ወፍራም አስፋልት ለማንጠፍ የሚበቃ ገንዘብ የትም አገር አይገኝምና። ነገር ግን እንዲህ ያለው መንገድ የሚሠራው በላዩ የሚሄደው ምን እንደ ሆነ ተገምቶ ነው። ለፒክ አፕና ለአውቶቡስ፥ አልፎ አልፎም ለልከኛ የጭነት መኪና የተሠራውን መንገድ ሃምሳ ቶን የሚመዝን ባለ ተሳቢ ካሚዮን በየቀኑ ቢመላለስበት፥ ግምቱ ከሥሩ ይፈርሳል።

ይህን ነገር በቍጥር ለማወቅ ከተደረጉት ምርመራዎች ሁሉ የታወቀው በአሜሪካ፥ በኢሊኖይ ግዛት፥ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ የተደረገው ነው። መሐንዲሶቹ ውፍረታቸው ልዩ ልዩ የሆነ መንገዶች እንደ ቀለበት አዙረው ሠሩና ከኖቬምበር 1958 እስከ ኖቬምበር 1960 ድረስ ወታደሮች ካሚዮን እንዲነዱባቸው አደረጉ። በእያንዳንዱ መሥመር ላይ የሚሄዱት ካሚዮኖች የአክስል ክብደታቸው አስቀድሞ የተወሰነ ነበር፤ ያንደኛው ከአንድ ቶን ያነሰ፥ የሌላው አሥራ ሦስት ቶን ተኩል ያህል። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን አንድ መቶ ሺህ ጊዜ በላይ አክስል ካለፈ በኋላ የተገኘው ውጤት የሚያስደንቅ ነበር። ክብደቱ እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ እጥፍ አይሆንም፤ ወደ አሥራ ስድስት እጥፍ ይደርሳል። ስሌቱ ሁለትን አራት ጊዜ ጽፎ እርስ በርሱ እንደ ማባዛት ነው። ይህ ስሌት በየአገሩና በየአፈሩ ጥቂት ይለዋወጣል፤ ደካማ አፈር ላይ ያለ ቀጭን መንገድ አንዳንድ ጊዜ ከዚህም በባሰ ፍጥነት ይፈርሳል። ለመንገድ ሥራ መሠረት ሆኖ የሚያገለግለው ግን እስከ ዛሬ ይኸው ነው።

አሁን ስሌቱን ወደ ቤታችን እናምጣው። አንዲት ትንሽ የቤት አውቶሞቢል በአንዱ አክስሏ ላይ ስድስት መቶ ኪሎ ያህል ትጭናለች እንበል። አንድ ካሚዮን ደግሞ በአንዱ አክስሉ ላይ አሥር ቶን ይጭናል። በዚህ ስሌት የካሚዮኑ አክስል አንድ ጊዜ ሲያልፍ የሚያደርሰው ጉዳት፥ የአውቶሞቢሏ አክስል ከሰባ ሺህ ጊዜ በላይ አልፎ ከሚያደርሰው ጋራ እኩል ነው። ስለዚህ በሰፈሩ ውስጥ አንዱ ጎረቤት አዲስ አውቶሞቢል ገዛ ብሎ ስለ መንገዱ መጨነቅ አያስፈልግም።

አሥር ቶን የሚለውን ቍጥር የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሱዳንም ኢትዮጵያም አባል የሆኑበት ኮሜሳ የሚባለው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪቃ የንግድ ማኅበር ለአንድ የኋላ አክስል የወሰነው ልክ አሥር ቶን፥ ለፊተኛው መሪ አክስልም ስምንት ቶን ነው። ባለ ካሚዮኑ በዚህ ልክ ላይ አሥር ኩንታል ማሽላ ወይም ሰሊጥ ቢጨምር፥ ያ ሁሉ በአንዱ አክስል ላይ ቢያርፍ ሸክሙ ከአሥር ቶን ወደ አሥራ አንድ ቶን ይወጣል። በባለ ካሚዮኑ ዓይን ይህ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን በግማሽ ገደማ ይጨምራል። ወደ አሥራ ሦስት ቶን ቢወጣ ደግሞ ጉዳቱ ሦስት እጥፍ ለመሆን ጥቂት ይቀረዋል።

በአል-ሳሃፋ ሰፈር ውስጥ ያለውን የውስጥ ለውስጥ መንገድ ነገር ስንመለከት፥ ስለ ሩቅ አገር ካሚዮን መናገር እንኳ አያስፈልግም። ወደ መኖሪያ ቤቶች የሚገቡት ከባድ መኪኖች ለቤተሰብ የቅርብ አገልጋዮች ናቸው። የቧንቧ ውሃ ሲቋረጥ ውሃ የሚያመጣው ቦቴ አለ፤ የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲሞላ መጥጦ የሚወስደው መኪና አለ፤ ቤት ሲሠራ ጡብና አሸዋ የሚያራግፈው ገልባጭ አለ። የውሃን ክብደት ማንም ያውቃል፤ አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው። አሥር ሺህ ሊትር የጫነ ባለ ሁለት አክስል ቦቴ የውሃው ክብደት ብቻ አሥር ቶን ነው። የመኪናው ክብደት ስድስት ቶን ቢሆን፥ ከአሥራ ስድስቱ ቶን አሥራ አንዱ ያህል በኋለኛው አክስል ላይ ያርፋል። ይህ ዋና ጎዳና እንኳ የማይፈቀድለት ሸክም ነው። እርሱ ግን ለአህያ ጋሪና ለታክሲ የተሠራውን ቀጭን መንገድ ይዞ እስከ በር ድረስ ይገባል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ውሃ አይምጣ ልንል አንችልም። ነገር ግን ቦቴው ውሃውን በሁለት ጊዜ በግማሽ በግማሽ አድርጎ ቢያመጣ፥ የኋለኛው አክስል ሸክም ወደ ሰባት ቶን ይወርዳል፤ በሁለቱ ጉዞ የሚደርሰው ጉዳትም ተደምሮ በአንዱ ሙሉ ጉዞ ከሚደርሰው ሲሶ ያህል ብቻ ይሆናል። ሁለት ጊዜ መመላለስ መንገድን የሚያድን መሆኑን ብዙ ሰው አያምንም። ይሁን እንጂ ስሌቱ የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚህም የሚሻል ሌላ ዘዴ አለ፤ ይኸውም ሸክሙን ለሁለት የኋላ አክስሎች ማካፈል ነው። በአንዱ አክስል የነበረው ሸክም ለሁለት ሲካፈል ጉዳቱ ወደ ስምንተኛ እጅ ይወርዳል። ካሚዮኑ ይረዝማል፥ ዋጋውም ይጨምራል፤ መንገዱ ግን ይተርፋል።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሸክም ነው። ሸክም ብቻውን ግን ይህን ሁሉ ጥፋት አያደርስም፤ ተባባሪው ውሃ ነው። ከገዳሪፍ እስከ ጋላባት፥ ድንበሩንም ተሻግሮ በመተማ ቆላ ያለው መሬት በአብዛኛው ጥቁር አፈር ነው። ይህን አፈር በጎንደርና በጎጃም ዋልካ፥ በሸዋ ደግሞ መረሬ ይሉታል። ሁለቱንም ስም ማወቅ አማርኛ ለሚማር ሰው ይጠቅማል፤ በየአገሩ ሲዘዋወር ገበሬው ስለ አንድ አፈር በሁለት ስም ሲናገር ይሰማልና። ዋልካ ለማሽላና ለሰሊጥ በረከት ነው። ለመንገድ ግን ጠላት ነው። በበጋ ደርቆ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፥ ይለሰልሳልም። በላዩ ያለው መንገድም ከዓመት ዓመት ከእርሱ ጋራ ሲነሣና ሲወርድ ይኖራል።

ውሃው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በመንገዱ ዳር በኩል ነው። መካከሉ በአስፋልቱ ተሸፍኖ ስለሚደርቅ ይጠነክራል፤ ዳርና ዳሩ ግን አንድ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይርሳል። መንገዱ ጠባብ ሲሆን ሁለት ካሚዮኖች በተገናኙ ጊዜ እያንዳንዱ የቀኝ ጎማውን ወደዚያው ወደ ደካማው ዳር ያወርዳል። በዚህ ጊዜ ጠርዙ እንደ ደረቀ ቂጣ እየተቈረሰ ይሄዳል። ቀጥሎ ስንጥቁ ወደ ውስጥ ይገባል፤ በስንጥቁ ውሃ ይሰርጋል፤ የሚቀጥለው ካሚዮን ሲረግጠው ውሃው ጭቃ ይዞ ወደ ላይ ይተፋል። ጭቃው በወጣ ቍጥር ከሥር ባዶ ይሆናል፤ በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥ ትንሿ ቀዳዳ መኪና የሚያሰናክል ጉድጓድ ትሆናለች።

በኦታዋው ምርመራም የታየው ይኸው ነበር። ቀጫጭኖቹ መንገዶች በብዛት የተሰባበሩት በጸደይ፥ በክረምት የረጋው በረዶ ቀልጦ አፈሩን ባራሰው ጊዜ ነው። በዚያ አገር በረዶው የሚሠራውን እዚህ ዝናቡ ይሠራዋል። የሚያሳዝነው ግን የገዳሪፍና የመተማ የመከር ጊዜ መንገዱ እጅግ ደካማ ከሚሆንበት ጊዜ ጋራ መገጣጠሙ ነው። ዝናቡ በሴፕቴምበር ገደማ ማባራት ሲጀምር ሰሊጡ በኦክቶበር ይታጨዳል፤ ነጋዴውም ዋጋ ሳይወርድበት ለማድረስ ይቸኩላል። በዚያን ጊዜ አስፋልቱ ላይኛው ደርቆ ሲታይ፥ ከሥሩ ያለው ዋልካ የጠጣውን ውሃ ገና አልለቀቀም። ከባዱ ካሚዮን አንድ ወር ቢታገሥ ምንም የማያደርገውን መንገድ፥ በዚያ ወር ይሰብረዋል።

የሱዳን ሕዝብ ዕቃ ለብዙ ዘመን የሚመላለሰው በባቡር ነበር። አንድ ሺህ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ከካርቱም በገዳሪፍና በከሰላ አድርጎ ፖርት ሱዳን የሚደርሰው አስፋልት በ1980 ዓ.ም. ከተፈጸመ በኋላ ግን ጭነቱ ከሐዲዱ እየወረደ ወደ ካሚዮን ዞረ። ቀድሞ ሰውንና የማሽላ ጆንያን አንድ ላይ ጭኖ በአሸዋና በጭቃ የሚሄደው የቤድፎርድ ሎሪ በባለ ተሳቢ ካሚዮን ተተካ። በኢትዮጵያም በኩል ከ2000 ዓ.ም. በኋላ በነበሩት ዓመታት ከአዘዞ እስከ መተማ ያለው መንገድ አስፋልት ለበሰ፤ በነዚያው ዓመታት ቤንዚን የጫኑ ቦቴዎች ከሱዳን ይመጡበት ነበር። መንገድ ሲሻሻል ካሚዮን ይከብዳል። ይህ ነገር በብዙ አገር የታየ ነው፤ ሹፌሩ ጉድጓድ የሌለበት መንገድ ሲያገኝ ብዙ ለመጫን ይደፍራልና።

በሕግ በኩል ጉዳዩ የተዘነጋ አልነበረም። ኢትዮጵያ በ1950 ዓ.ም. ከዓለም ባንክ ለመንገድ ሥራ አምስት ሚሊዮን ዶላር ተበደረች፤ በሚቀጥለው ዓመት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1962 ዓ.ም. ደግሞ የመኪኖችን መጠንና ክብደት የሚወስን ደንብ ወጣ። ሕጉ እንግዲህ ከስድሳ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። የጎደለው የሚዛን ጣቢያው ሥራ ነው። ከልክ በላይ የጫነ ካሚዮን ሚዛን ላይ ቆሞ መቀጫውን ከፍሎ ከነሸክሙ እንዲሄድ ከተፈቀደለት፥ መንግሥት ገንዘብ አገኘ እንጂ መንገዱ አልዳነም። ትርፉ ጭነት እዚያው ካልተራገፈ ሚዛኑ ገንዘብ መሰብሰቢያ ሣጥን ብቻ ይሆናል። በእኛ አስተያየት ከመቀጫው መጠን ይልቅ ይህ ነገር ይበልጥ ሊታሰብበት ይገባል። ቀጫጭኖቹ መንገዶች ደግሞ ሚዛን ጣቢያ ጭራሽ የላቸውም፤ ሚዛኑን የሚሸሽ ካሚዮን መሸሸጊያ የሚያደርገውም እነርሱኑ ነው።

የመንገዱን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው የሚለውም ጥያቄ አለ። በኢትዮጵያ በ1997 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም የገንዘቡ ዋነኛ ምንጭ በነዳጅ ላይ የሚጨመር ክፍያ እንዲሆን ተደረገ። ብዙ ነዳጅ የሚፈጅ ብዙ ይከፍላል፤ ይህ ተገቢ ይመስላል። የሆነ ሆኖ የተጫነ ካሚዮን በአንድ መንገድ ላይ የሚፈጀው ነዳጅ ከትንሽ አውቶሞቢል አራት ወይም አምስት እጥፍ ቢሆን ነው፤ በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን በብዙ ሺህ እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱን የሚከፍለው ሌላው ሰው ነው። በሌላው ወገን ደግሞ ካሚዮኑ የጫነው የሁላችንን ስኳርና ጨው ስለ ሆነ፥ ዕዳውን በሙሉ በባለ ካሚዮኑ ላይ ብንጭን ተመልሶ በገበያ ይመጣብናል። እኛ የምንለው በልኩ ለሚጭነው አንድ ዋጋ፥ ከልክ ለሚያልፈው ሌላ ዋጋ ይኑር ነው።

መሐንዲስ ያልሆነ ሰው ሊሠራው የሚችለውም ነገር አለ። በደጃፍ የሚያልፈውን ቦይ ከጭቃና ከቆሻሻ መጥረግ፥ የእጥበትን ውሃ በአስፋልቱ ላይ አለመድፋት፥ ጡብና አሸዋ ሲያስመጡ ገልባጩ ጥግ ጥጉን ሳይሆን መካከሉን ይዞ እንዲገባ መንገር፥ ዝናብ በዘነበ ማግስት ከባድ መኪና አለመጥራት ሁሉም ያለ ገንዘብ የሚሠራ ነው። በካርቱም ሜዳማ መሬት ላይ ውሃ መውረጃ ስለሚያጣ፥ የቦዩ ነገር በተለይ የሚያሳስብ ነው። በ2020 ዓ.ም. በደረሰው ታላቅ ጎርፍ ጊዜ ይህ በገሃድ ታይቷል።

የሱዳን ጦር ካርቱምን በ2025 ዓ.ም. መልሶ ከያዘ ወዲህ ብዙ ቤተሰቦች ወደ ከተማይቱ ተመልሰዋል። የፈረሰ ቤት የሚታደሰው በሲሚንቶ፥ በብረትና በጡብ ነው፤ ፍርስራሹም መነሣት አለበት። ይህ ሁሉ የሚመጣውና የሚወጣው በካሚዮን ነው፤ የሚያልፈውም ለዓመታት ማንም ባልጠገነው ቀጭን መንገድ ላይ ነው። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሁለት ከረጢት ነው፤ ሁለት መቶ ከረጢት የጫነ ባለ ሁለት አክስል ካሚዮን፥ ከላይ እንደ ተናገርነው አሥር ሺህ ሊትር ውሃ እንደ ጫነው ቦቴ ያለ ነው። መቶ ከረጢት ጭኖ ሁለት ጊዜ እንዲመላለስ ለማድረግ የሚከፈለው የነዳጅ ዋጋ፥ ከሰፈሩ ነዋሪዎች ጋራ ተካፍለው ቢከፍሉት ለአንዱ ቤት የሚደርሰው ብዙ አይሆንም።